የተጋደመው ጭስ ማውጫ

በዚያ የፋብሪካ ሰፈር ውሸታም የሚባል ሰው አልነበረም፤ የነበረው እጥፉ ብቻ ነው። እጥፉን ውሸታም ማለት ደግሞ ነውር ነው። ሰውዬው ሁልጊዜ የሚነሳው ከእውነት ነው፤ ችግሩ እውነቱ መንገድ ላይ ይወፍርበታል። ድመት አየሁ ብሎ ይጀምርና ነብሩን በጅራቱ ይዞ ይጨርሳል። ስሙን ያወጡለት የሽመና ክፍል ሴቶች ናቸው፤ የሚናገረውን ሁሉ ለሁለት አካፍለው መስማት ለምደው ነበርና። እሱ ግን አልከፋውም። እንዲያውም ስሙ የወጣለት በጉልበቱ ምክንያት እንደሆነ ለማያውቅ ሁሉ ያስረዳል።

ፋብሪካው ሳይዘጋ በፊት የሽመና ማሽን መካኒክ ነበር። «እኔ ድምፁን ሰምቼ የትኛው ብሎን እንደላላ፣ ያላላው ማን እንደሆነ፣ ሰውዬው ቁርስ በልቶ ይሁን ሳይበላ እነግርሃለሁ» ይል ነበር። አሁን ሃምሳዎቹን አጋምሶ የልብስ ስፌት መኪናና የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። በእሱ አነጋገር አንድ ጊዜ አውሮፕላንም ነካክቷል።

መዝጋቢዋ የወደቀችው በዚህ ሰው እጅ ነው።

መዝጋቢዋ ቀይ ብርሃን የሚተፋ መለኪያና ጠረጴዛ የሚያህል የሥዕል ሰሌዳ ይዛ የመጣች የሕንጻ ባለሙያ ናት። ሥራዋ የፋብሪካውን ሰፈር አሮጌ ቤቶች አንድ በአንድ መዝግቦ አንድ ትልቅ ካርታ ላይ ማስፈር ነው። የቆሙትን በጥቁር ቀለም ትስላለች፤ የፈረሱትን በነጠብጣብ መስመር። ካርታው ሲያልቅ ከአሮጌው በር አጠገብ ባለው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሰፈሩም ለልጅ ልጁ እያሳየ ይኖራል።

የቆመውን መሳል ቀላል ነበር። የሽመናው አዳራሽ ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ እንዳገጠጠ እስካሁን አለ። መደዳ የሠራተኛ ቤቶቹም አሉ፤ የሥራ አስኪያጁ ቪላም አለ፤ ዛሬ ሙአለ ሕጻናት ሆኖ መስኮቱ ላይ የወረቀት ቢራቢሮ ተለጥፎበታል። ችግሩ ከፈረሰው ላይ ነው። ለዚህም መዝጋቢዋ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበራት፤ የፈረሰ ቤት ነጠብጣቡን የሚያገኘው በዓይኑ ያየ ሰውና በእጅ የሚዳሰስ ነገር ሲገናኙለት ነው። መሠረት ይሁን፣ ፎቶ ይሁን፣ የበር ፍሬም ይሁን፣ የሆነ ነገር። ወሬ ብቻውን መስመር አያሰምርም።

እጥፉ ራሱን በራሱ አስጎብኚ አድርጎ ሾመ። በመጀመሪያው ቀን ወደ ሻወር ቤቱ ፍርስራሽ ወሰዳትና እጁን ዘረጋ።

«እዚህ ጋ ልጄ፣ አርባ ሻወር ነበረ። እብነ በረድ! ሙቅ ውሃው ከመሙቁ የተነሳ ሰው ቆሽሾ ገብቶ ጎረምሳ ሆኖ ይወጣል። ድምፁ እንዲያስተጋባለት ብሎ ዘፋኝ ከሩቅ እየመጣ እዚህ ይለማመድ ነበር።»

መዝጋቢዋ አቧራውን በመጥረጊያ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ከሲሚንቶው ወለል ላይ የቧንቧ ጉቶዎች ብቅ አሉ። ቆጠረቻቸው፤ ስምንት ናቸው።

«የቀሩት ተሰርቀው ይሆናል» አለ እጥፉ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ቀዳዳውም አብሮ ነው የተሰረቀው?»

ሲኒማ ቤቱም ያው ሆነ። ሺህ ወንበር ነበረበት ያለው አዳራሽ ወለሉ ሲጠረግ የብሎኑ ቀዳዳ መቶ እንኳ በቅጡ አልሞላም። ከቀለም ክፍሉ ደጃፍ ሲደርሱ መዝጋቢዋ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካችና ፈገግ ብላ፣ «ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር መዞር ሲኒማ እንደመግባት ነው። ግን አይቀየሙኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎን ቃል እንደ ምስክር አልቆጥርም» አለችው።

እጥፉ ሳቀ። ለሻወሩና ለሲኒማው ግድ አልነበረውም። ያመመው ማታ ቤቱ ገብቶ እናቱን ሲያይ ነው።

እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ በሽመና ክፍል ስትሠራ የኖረች ናት። በዚያ አዳራሽ መቶ ማሽን በአንድ ጊዜ ሲንጫጫ እግዜርም ቢጣራ አይሰማም። ስለዚህ ሴቶቹ ያለ ድምፅ መነጋገር ተማሩ፤ ከንፈራቸውን እያሰፉ፣ ቅንድባቸውን እያነሱ፣ ጣታቸውን እያወናጨፉ። ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ያወራሉ፤ የአለቃቸውን ሐሜት አለቃው መሐላቸው ቆሞ ይጨርሱታል። ማሽኑ ጆሮዋን ቢወስድባትም ቋንቋዋን አልወሰደባትም። እስከዛሬም የምትመርጠው በከንፈር መናገርን ነው፤ እጥፉም ይህን ከጡት ጋር ነው የጠባው።

እሷም በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ ገና ከበሩ ሲገባ፣ በከንፈሯ ጠየቀችው።

«ረጅሙ አለበት?»

«ረጅሙ» የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ነው። ከጡብ የተሠራ፣ ሰማዩን ደግፎ የያዘ። እጥፉ እንደሚለው ጫፉ ላይ የወጣ ሰው የነገን ፀሐይ ዛሬ ያያል። ያን ጭስ ማውጫ ከሠሩት ግንበኞች አንዱ የእጥፉ አባት ነበር፤ ሌሎቹ ከፍታው አዙሯቸው ሲወርዱ እሱ ብቻ ቀርቶ የጫፉን ክብ፣ የመጨረሻዎቹን ረድፎች፣ በገዛ እጁ ደርድሯል። ይህኛው የእጥፉ ጭማሪ አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አባትየው ብዙ ቤት ሠርቷል፤ ስሙ የቀረው ግን በዚያ ብቻ ነው። በኋላ ፋብሪካው በመብራት ኃይል መሥራት ሲጀምር ረጅሙ ተሰነጠቀ ተባለና ከላይ እስከ ታች ተፈታ።

«ገና ነው እማዬ» አላት እጥፉ በከንፈሩ።

«ቶሎ በሉ። ባሌ ወረቀት ላይ ሳይወጣ አልሞትም ብያለሁ፤ እየደከመኝ ነው» አለችና በራሷ ቀልድ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች።

እጥፉ አብሯት ሳቀ። ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ እንዲታመን ፈለገ፤ ቃሉ ደግሞ በሻወር ቤቱ ፍርስራሽ ላይ አልቋል።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ መዝጋቢዋ ፊት ቆመ። ሌሊቱን ሲያሰላ ነው ያደረው፤ የሚያስታውሰውን ሁሉ ቆራርጦ፣ አክስቶ፣ እንዲታመን አድርጎ መጥቷል።

«ረጅሙ ግርጌው ላይ ስድስት ሰው ተያይዞ ያቅፈው ነበር። ስድስት ብቻ። እንዲያውም አምስት ተኩል» አላት፣ መደዳው ሁሉ እየሰማ።

መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየችው። «ጋሼ፣ አሞዎታል?»

«ደህና ነኝ። ቀንሼልሽ ነው።»

«ለረጅሙ ምስክር አላጣሁም፤ ጋሽ ቦይለርን ጠይቄያለሁ። የሚዳሰስ ነገር ነው የጠፋው።»

ጋሽ ቦይለር በእጥፉ መደዳ በወዲያኛው ጫፍ የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው፤ የቦይለሩን እሳት ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁ ሽማግሌ። እጥፉ አንድ ቀን የሚያወራውን እሳቸው በዓመት አይናገሩትም። መዝጋቢዋ ስለ ረጅሙ ስትጠይቃቸው «ነበረ» አሉ። ስፋቱስ? «ይሰፋ ነበር።» ቁመቱስ? ቀና ብለው ባዶውን ሰማይ አዩና «ይረዝም ነበር» ብለው በራቸውን ዘጉ።

የሚዳሰሰው ነገር ግን ከየት ይምጣ? የረጅሙ መሠረት የቆመበት ቦታ ዛሬ የአውቶቡስ መናኸሪያ ነው፤ አስፋልቱን ማን ይቆፍራል? ፎቶም ተፈለገ። የሰፈሩ ሰው አልበሙን እየያዘ ወጣ። ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ እግር ኳስ ቡድኑ፣ ሁሉም በፋብሪካው በር አበባ ፊት ተሰልፎ ተነስቷል። ረጅሙ ግን አንዱም ላይ የለም። ምክንያቱን ያስታወሰችው የእጥፉ ሚስት ናት።

«ፎቶ አንሺው ፀሐይ አይወድም ነበር እኮ! ሁልጊዜ ረጅሙን ተደግፎ፣ ጥላው ሥር ሆኖ ነበር የሚያነሳን።»

በዚህ ዓይነት የሰፈሩ ፎቶ ሁሉ ከረጅሙ ሥር ተነሳ፤ ረጅሙ ግን በአንድም ፎቶ አልተነሳም።

መዝጋቢዋ የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ዕቃዋን ሸክፋ፣ ለመሰናበት እጥፉ ቤት ገባች። ሚስትየው በረንዳው ላይ ስፌት መኪናዋን እየመታች ነው፤ እናትየው ፀሐይዋን እየሞቀች። መዝጋቢዋ እጇ በቀለም ጥቁር ብሎ ስለነበር «ግቢና ታጠቢ የኔ ልጅ» አለቻት ሚስትየው።

መታጠቢያ ቤቱን እጥፉ ራሱ ነው የሠራው፤ ገና እንዳገባ ሰሞን፣ ፋብሪካው ለሠራተኛ በነጻ በሰጠው አሮጌ ጡብ። ያን ወር ረጅሙም፣ የቦይለር ቤቱም፣ አሮጌው አጥርም አንድ ላይ ሲፈርሱ ጡቡ በጋሪ እየወጣ በር ላይ ይቆለል ነበር። በነጻ የተገኘ ጡብ የትውልድ ቦታውን ማን ይጠይቀዋል? እጥፉ በመጀመሪያው ቀን ከሁሉ ቀድሞ ተንደርድሮ ወሰደ፤ ሠራ። ከግድግዳዎቹ አንዷ ግን ሆዷን ገፍታ ወጣች። ሚስቱ ስም አወጣችላት፤ «ነፍሰ ጡሯ»። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቅርታ፣ ነፍሰ ጡሯን እንዳትገፉብኝ፤ ስንት ዓመቷ ነው፣ አልወልድ ብላ እኮ ነው» ትላለች። እጥፉ ደግሞ ለሰው ሁሉ በዘመናዊ ዲዛይን ሆን ብሎ ያጠፋት ግድግዳ መሆኗን ሲያስረዳ ኖሯል።

መዝጋቢዋ ገብታ ቆየች። የውሃ ድምፅ አይሰማም። እጥፉ ቧንቧው ተነቅሎ ይሆናል ብሎ ወደ በሩ ተጠጋ። ስትወጣ እጇ እንደጠቆረ ነው።

«ያንን ግድግዳ ማን ነው የሠራው?»

አፉ ከልቡ ቀደመ። «እኔ ነኛ! እንዲህ ያለ ግድግዳ በሦስት አገር አታገኚም!»

«አጥፈው ነው የሠሩት?»

«አስቤ፣ አልሜ፣ ወረቀት ላይ ነድፌ!»

«ሆን ብለው?»

«ሆን ብዬ ነዋ!»

የመዝጋቢዋ ፊት ላይ በርቶ የነበረው ነገር ጠፋ። «እንደዛ ከሆነ ይቅርታ። እኔ ጡቡ ራሱ ያጠፈው መስሎኝ ነበር። ልስኑ በተነሳበት በኩል ሳየው ጡቡ በአንድ ጎኑ ሰፋ፣ በሌላው ጠበብ ያለ መሰለኝ። እንዲህ ዓይነት ጡብ የሚሠራው ለክብ ግንብ ብቻ ነው። ግንበኛው ቀጥ ላድርግህ ብሎት እንቢ ያለ ጡብ ቢሆን ኖሮ፣ የረጅሙ ነው ማለት ነበር። እርስዎ ካጠፉት ግን...» ትከሻዋን ነቀነቀች።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ሚስትየው መርፌውን እንደያዘች ባሏን አየችው። እናትየውም ከወንበሯ ሆና ከንፈር ከንፈሩን ታያለች። እጥፉ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ዞሮ አየ። ያቺን ግድግዳ እኮ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሟታል! እንግዳ አይቶባታል፣ ጎረቤት ቀንቶባታል፤ ቢያንስ እሱ እንደሚያወራው። አሁን በአንድ ቃል ሊያፈርሳት ነው።

«ቀጥ አድርጌ ነበር የጀመርኩት» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ከእግሩ ሥር የመጣ ያህል ዝቅ ብሎ። «ሲባጎ ወጥሬ፣ ቱንቢ ጥዬ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆዷን መንፋት ጀመረች። አፈረስኳት። እንደገና ሠራኋት፤ እንደገና ነፋች። ሰደብኳት፣ ለመንኳት። በመጨረሻ ልስን ቀባሁባትና ዝም አልኩ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት!» አለች ሚስቱ። «ይህን ሁሉ ዓመት ዲዛይን ነው እያልክ!»

«ዲዛይንማ ነበራት» አለ እጥፉ፤ «የኔ አልነበረም እንጂ።»

መዝጋቢዋ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችው። መዶሻና መሮ መጣ፤ ልስኑ ተነሳ። ከሥሩ የወጣው ጡብ በውጭው በኩል ሰፊ፣ በውስጡ ጠባብ፣ ጠባቡ ጎን እስኪጠቁር ጥቀርሻ የጠጣ ነው። መለኪያዋን አስጠግታ ቁጥሩን ስታይ ፈገግታዋ ጆሮዋ ደረሰ።

«ሌላ ሰው ቤት እንዲህ ያለ ግድግዳ አለ?»

«በጭራሽ!» አለ እጥፉ፤ ልማድ ነው። «በዚህ ሰፈር የኔ ብቻ ናት።»

ሚስቱ ግን ጎረቤት ሄዳ ነበር። ከቀኝ ያለችው ጎረቤት መጀመሪያ «ምን ግድግዳ? እኛ ቤት ሁሉ ቀጥ ነው» ብላ ማለች። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ለምን ክንድ ያህል ራቅ ብሎ እንደቆመ ስትጠየቅ ግን ቀላች። ሳጥኑ ተገፋ፤ ከኋላው ሌላ ነፍሰ ጡር ተገኘች። ቀጥሎ ያለው ቤት ደግሞ መጋረጃ አንጠልጥሎባታል። የወዲያኛው ሰፊ የመልክዓ ምድር ሥዕል ሰቅሎባት ነበር፤ ሥዕሉ ከመሐሉ ብቻ ግድግዳውን ነክቶ ከዳር ከዳሩ ተንሳፍፏል። መደዳው ሁሉ አንዳንድ የተጣመመ ግድግዳ ነበረው፤ ሁሉም የራሱ ግንበኝነት ብቻ የከሸፈ እየመሰለው ለዓመታት ሸፍኖ ኖሯል። ጉድ ፈላ! ሰው ቁም ሳጥኑን እየገፋ ወጥቶ እየተያየ ይስቃል።

«የናንተም?»

«ኧረ የኛማ መንታ ናት!»

ያልተጣመመባቸው ጋሽ ቦይለር ብቻ ነበሩ። የእሳቸው ግድግዳ ቀጥ ያለ፣ ዓይን የሚሞላ ነው፤ እጥፉን ባዩት ቁጥር አንዴ ወደ እሱ መታጠቢያ ቤት፣ አንዴ ወደ ራሳቸው ግድግዳ ማየታቸው ስድብ ነበር። መዝጋቢዋ ግን ለካችውና «ጋሼ፣ የእርስዎም ጎብጧል። በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው ዓይን የማያየው» አለቻቸው።

ጋሽ ቦይለር መዝጋቢዋን አስከትለው እስከ እጥፉ በረንዳ ሄዱ፤ የተገለጠውን ጡብም አዩ። ከዚያ የዓመቱን ንግግራቸውን በአንድ ጊዜ አደረጉ።

«ሲፈታ ከላይ ነው የተጀመረው። ለበሩ የቀረበ ቤት ቀደመ፤ ቀድሞ የሄደ የጫፉን ወሰደ፤ ጫፉ ጠባብ ነው፣ ጡቡ በጣም ይታጠፋል። እኔ የቦይለሩን አመድ ጠርጌ፣ ውሃውን አፍስሼ፣ ከሁሉ ኋላ ነው የሄድኩት። የደረሰኝ የግርጌው ነው።»

መዝጋቢዋ አፏን በእጇ ያዘች። መደዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከእጥፉ ቤት ጎባጣ ጀምሮ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ጋሽ ቦይለር ግድግዳ ላይ ቀጥ እስኪል።

«አልፈረሰም እኮ» አለች። «ተጋድሞ ነው ያለው። ረጅሙ ይኸው መንገዱ ዳር ተጋድሟል፤ ጫፉ እዚህ፣ ግርጌው እዚያ።»

እጥፉ ደረቱን ነፍቶ ሊፎክር አፉን ከፈተ። «ሰማችሁ? ጋሼ ግንበኝነት አይደለም፤ ኋላ መቅረት ነው ግድግዳቸውን ያቀናው! እኔ ግን ቀድሜ...» ብሎ ቆመ። ቀድሞ የወሰደ የጫፉን ወሰደ። የጫፉን ጡብ የደረደረው ማን ነው? ዞሮ እናቱን አያት። እናቱ ቀድማው ደርሳበት ኖሮ ከወንበሯ ተነስታ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ወደ መታጠቢያ ቤቱ እየሄደች ነበር። መዳፏን በተገለጠው ጡብ ላይ አሳረፈች። በየቀኑ ፊቷን የምትታጠበው ባሏ ፊት ኖሯል።

«ምነው ሳትነግረኝ?» አለችው ጡቡን፣ በከንፈሯ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ፣ «አባትህን ስትሰድበው ነበራ!» አለችው።

ቀጥሎ የሆነውን ሰፈሩ እስኪያረጅ ያወራዋል። ጋሽ ቦይለር ከጓሯቸው፣ የዶሮ ቤቱ የቆመበትን የተረፈ የግርጌ ጡብ ሰጡ፤ ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ወጡ። ኋላ ከደረሱት ሌሎች ቤቶችም የአበባ ማስቀመጫ የሆነው፣ በር መደገፊያ የሆነው ሁሉ መጣ። በፋብሪካው በር ፊት ለፊት ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ሲባጎ፣ ጡብ ከጡብ ጎን መደርደር ጀመሩ። ማንም አልመራውም፤ ጡቡ ራሱ ወዴት መሄድ እንዳለበት ያውቃል። እየታጠፈ፣ እየታጠፈ ሜዳውን ይዞ ዞረ። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ። ክቡ ሰፋ። ከሰው ሁሉ ትዝታ ሰፋ።

ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው ጡቡ አለቀ። እጥፉ ወዲያው የእናቱን ወንበር አምጥቶ በክፍተቱ አኖረው፤ እናቱንም ደግፎ አስቀመጣት። ክቡ ተዘጋ።

«በሉ እንግዲህ እንቀፈው!» አለ እጥፉ፤ እጁንም ዘረጋ። ሚስቱ ያዘችው፤ መዝጋቢዋ ተከተለች፤ ጋሽ ቦይለርም እንደ ምንም ገቡ። ስድስተኛው ሰው ሲያያዝ ገና ክቡ ተጋምሶ ነው። ሌላ ሰው ገባ፤ ሌላም። ዐሥር ሰው ሆነው ነው ጣት ከጣት የተነካካው።

«ስድስት ነው ያልከው» አሉ ጋሽ ቦይለር።

«አምስት ተኩል ነው ያለው!» አለች ሚስቱ፤ ሜዳው ሳቅ በሳቅ ሆነ።

እጥፉ ራሱን ያዘ። «አይ የኔ ነገር! ዕድሜ ልኬን ስጨምር ኖሬ፣ ልጨምርበት በሚገባው አንድ ቀን ቀነስኩ! ዐሥራ ሁለት ብል ምን ነበረበት?»

«ዐሥራ ሁለት ቢሉኝ ኖሮ አሁንም አላምንዎትም ነበር» አለች መዝጋቢዋ እየሳቀች። የሥዕል ሰሌዳዋን አምጥታ ከእናትየው ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። ካርታው ላይ፣ መናኸሪያው መሐል፣ በነጠብጣብ አንድ ክብ አሰመረች። ቀጥላም በመደዳ ቤቶቹ ላይ፣ ጎባጣው ግድግዳ ባለበት ሁሉ፣ በጥቁር ቀለም ትንንሽ ቅስት አደረገች፤ የቆመ ነውና። ከእጥፉ መታጠቢያ ቤት አጠገብ «የጭስ ማውጫው ጫፍ» ብላ ጻፈችና ጽሑፉን ለአሮጊቷ በጣቷ አሳየቻት።

እናትየው ወረቀቱን አየች፤ ጽሑፉን በጥፍሯ ዳሰሰችው። ቀና ብላ ሜዳው ላይ የተደረደረውን ክብ በዓይኗ ዞረችው። ዓይኗ እርጥብ፣ ፊቷ ግን የጠገበ ሕጻን ፊት ነበር። ከዚያ ከንፈሯን አሰፍታ፣ ቅንድቧን ሰቅላ፣ እጇን በሰፊው ዘርግታ ለልጇ አንድ ነገር ተናገረች።

«ይቺማ ምን አላት! ረጅሙ የዚህን እጥፍ ይሰፋ ነበር።»

እጥፉ እናቱን አየ። በሃምሳ ምናምን ዓመቱ ዛሬ ገና ምኑን ከማን እንደወረሰ ገባው። ሊፈነዳ የደረሰ ሳቁን በመዳፉ ሸፈነ።

«እማማ ምን አሉ?» አለች መዝጋቢዋ፣ እርሳሷን ይዛ።

ለመጨመር እንዲህ የተመቸ ጊዜ በሕይወቱ ገጥሞት አያውቅም። ምስክር አለ፤ ያውም በዓይኗ ያየች፤ ያውም እናቱ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ወረቀቱን አየ፣ ክቡን አየ፣ የአባቱን ጫፍ አየ፣ ቃሉንም ዋጠው።

«ልክ ነው አለች» አለ። «ልክክ ያለ።»

መዝጋቢዋ በጥርጣሬ አየችውና ለማረጋገጥ ወደ ጋሽ ቦይለር ዞረች። ጋሽ ቦይለር ዕድሜያቸውን በቦይለር ጩኸት ውስጥ የፈጁ ሰው ናቸውና ከንፈር ማንበብ ከማንም በላይ ያውቃሉ። አሮጊቷን አዩ፤ እጥፉን አዩ። ጢማቸው ሥር የሆነ ነገር ተነቃነቀ።

«ልክ ነው ነው ያለችው» አሉ። ከዚያ ዶሮዎቻቸውን ሊሰበስቡ ሄዱ።